ላፕቶፓችሁን ማነው የሚያደበዝዘው?

(ደሴ ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና በኮምፒውተር ለሚሰሩ ሰዎች የተደረገ ንግግር፣ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

እንዴት ዋላችሁ ጀማው! ቡናው ገና አቦል ላይ ነው ብለውኛል፣ በረካው ሳይደርስ ለመጨረስ እሞክራለሁ፣ ካልጨረስኩም እየጠጣን እንቀጥላለን።

ርዕሱን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ስለ ብራይትነስ ደግሞ ምን ይወራል፣ ሁለት በተን ነው፣ አንዱ ይጨምራል አንዱ ይቀንሳል፣ አለቀ፣ ብላችሁ ይሆናል። ልክ ናችሁ ሁለት በተን ነው። ግን እኔ ላፕቶፕ ጥገና ላይ ነኝና ሰው ይዞት የሚመጣውን ቅሬታ አውቀዋለሁ። አንዱ "ስክሪኑ ራሱን ያደበዝዛል" ይላል፣ አንዱ "ፎርማት ካስደረግኩት ጀምሮ ብርሃኑ አልቀንስም አለኝ" ይላል፣ ሌላው ጭራሽ "ስክሪኑ ሞቷል ቀይርልኝ" ብሎ ብሩን ቆጥሮ ይዞ ይመጣል። ከፍቼ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ምንም አልሆነም። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ያንን ብርሃን የሚያዘው እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ዊንዶውሱ ያዛል፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ዊንዶውሱን ምስል ከሚያወጣው ክፍል ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ያዛል፣ ባትሪ ሴቨሩ ያዛል፣ ሴንሰር ያለው ላይ ደግሞ ሴንሰሩም የራሱን ያዛል። ስለዚህ ስክሪኑ ሲቀያየርባችሁ ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት አሁን ማነው ያዘዘው ብላችሁ ጠይቁ፣ ዛሬ የማወራው እሱን እንዴት እንደምታገኙት ነው።

መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የአብዛኞቻችሁ ላፕቶፕ ስክሪን ኤልሲዲ ነው፣ ኤልሲዲ ደግሞ ከራሱ ብርሃን የለውም። ስክሪኑን ብትፈቱት ከታች ጠርዙ ላይ በተርታ የተደረደሩ ጥቃቅን ኤልኢዲ መብራቶች ታገኛላችሁ፣ ከኋላ ያለው ግልፅ ፕላስቲክ የነሱን ብርሃን ተቀብሎ በመላው ስክሪን ይበትነዋል፣ ከፊት ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ደግሞ በየነጥቡ ብርሃኑን እያሳለፈና እየከለከለ ምስሉን ይሰራል። የኋላውን መብራት ባክላይት ነው የምንለው። በፈረንጆቹ ከ2010 በፊት የተሰሩት ብዙዎቹ በኤልኢዲ ፋንታ ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነበራቸው፣ ሲያረጁ ስትከፍቷቸው ወደ ሮዝ የሚያደላ መልክ ያመጡ ነበር፣ ያኔ የገዛችሁ ታስታውሳላችሁ።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ብርሃን የሚቀንስበት መንገድ ሁለት መሆኑን ነው። ታላላቆቻችን ፋኖስ ታውቃላችሁ፣ ፋኖስን ለማደብዘዝ ወይ ክሩን ዝቅ ታደርጋላችሁ ወይ መስታወቱ ላይ ጨርቅ ጣል ታደርጋላችሁ። ክሩ ዝቅ ሲል ጋዝ ይቆጠባል፣ ጨርቁ ግን ብርሃኑን ከናንተ ይከልላል እንጂ ጋዙ እንደድሮው መንደዱን ይቀጥላል። ላፕቶፕም ላይ ኪቦርዱ ላይ ያለው የፀሐይ ምልክት ክሩን ነው የሚነካው፣ ባክላይቱን ማለቴ ነው። ከኢንተርኔት አውርዳችሁ የምትጭኗቸው "ስክሪን ዲመር" ምናምን የሚባሉ አፖች ግን ብዙዎቹ ጨርቅ ናቸው፣ ምስሉን ያጠቁሩታል እንጂ ባክላይቱ ሙሉውን እየበራ ነው። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ልጆች ደግሞ ኤክስራንድር ላይ ያለው ብራይትነስ ጨርቁ ነው፣ ብራይትነስሲቲኤል የሚባለው ትዕዛዝ ነው ክሩ። ባትሪ ቆጠብኩ ብላችሁ ጨርቅ ስታለብሱ እንዳትውሉ።

ባትሪ ካነሳን አይቀር ሂሳቧን እንስራት። ለምሳሌ ያህል ባትሪው 45 ዋት አወር ነው እንበል፣ ወርድ ከፍታችሁ ፈተና እየፃፋችሁ ነው፣ ከስክሪኑ ውጪ ያለው ማሽን 6 ዋት ይበላል፣ ባክላይቱ ሙሉ ላይ ሆኖ 4 ዋት ይበላል። ድምሩ 10 ነው፣ 45ን ለ10 ስታካፍሉት አራት ሰዓት ተኩል። ባክላይቱን ወደ 1 ዋት ብታወርዱት ድምሩ 7 ይሆንና ስድስት ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ትሰራላችሁ። ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ትርፍ! መብራት ሄዶ ለነገ ጠዋት ፈተና ማዘጋጀት ያለበት መምህር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አሁን ደግሞ ያው ማሽን ቪዲዮ ሬንደር እያደረገ (የተሰራውን ቪዲዮ ጨርሶ እያወጣ) ነው በሉና ሌላው አካል 30 ዋት ይብላ። 34 ዋት ላይ አንድ ሰዓት ከ19 ደቂቃ፣ 31 ዋት ላይ አንድ ሰዓት ከ27 ደቂቃ። ስምንት ደቂቃ ናት ልዩነቷ። ስለዚህ ብራይትነስ መቀነስ በደንብ የሚጠቅመው ቀለል ያለ ስራ ስትሰሩ ነው፣ ማሽኑ በከባድ ስራ እያቃሰተ ስክሪኑን አጨልማችሁ በዳበሳ ብትሰሩ ዓይናችሁን ከማድከም በቀር ብዙ አታተርፉም። ዓይን ደግሞ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ግማሽ ቀነሰ አይልም፣ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው የሚመስለው፣ ለዚህ ነው ከ100 ወደ 70 ስታወርዱት ከደቂቃ በኋላ መቀነሱንም የምትረሱት።

"ዳርክ ሞድ አድርጌዋለሁ ባትሪ ይቆጥባል" የምትሉም አላችሁ። ኤልሲዲ ላይ ይሄ ነው የሚባል ጥቅም የለውም፣ ኋላ የማነሳው በምስሉ ይዘት የሚሰራው መቆጠቢያ ካልገባበት በቀር ገፁ ጥቁር ሆነ ነጭ ባክላይቱ እኩል ይበራል። ኦሌድ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ለራሱ ስለሚበራ ጥቁሩ በእውነት ጠፍቷል፣ እዛ ላይ ይቆጥባል። ስልካችሁ ኦሌድ ሊሆን ይችላል፣ ላፕቶፓችሁ ግን እዚህ ካለነው የአብዛኞቻችን ኤልሲዲ ነው።

እሺ፣ ወደ አዛዦቹ።

ቀላሉ ባትሪ ሴቨር ነው። ባትሪው ወደ 20 ወይም 30 ፐርሰንት ሲወርድ፣ ቁጥሩ እንደ ዊንዶውሱ እድሜ ይለያያል፣ ራሱ ይበራና ብርሃኑን ዝቅ ያደርገዋል። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም ከዛ ፓወር ኤንድ ባተሪ ብትሉ "ሎወር ስክሪን ብራይትነስ" የሚል ታገኛላችሁ፣ ካልፈለጋችሁት አጥፉት፣ እኔ ግን ብትተዉት ነው የምመርጠው፣ ደግ አዛዥ ነው። አሁንም ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ (አላችሁ፣ እጅ ማውጣት አያስፈልግም) እዛ ላይ ደግሞ ቻርጀር ሲሰካ አንድ ብራይትነስ፣ ሲነቀል ሌላ ብራይትነስ ተብሎ ለየብቻ ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ስክሪኑ ዝቅ ቢል ጤነኛ ነው።

አስቸጋሪው የሚቀጥለው ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ላይ ነው፣ ነጭ የወርድ ገፅ ትከፍታላችሁ ስክሪኑ ቦግ ይላል፣ ጥቁር ነገር ትከፍታላችሁ ቀስ እያለ ይፈዛል፣ ተመልሳችሁ ነጩን ስትከፍቱ እንደገና ቀስ እያለ ይነሳል። ሰው ይሄን ሲያይ ስክሪኑ ሊሞት ነው ይላል። አይሞትም። ይሄ በምስሉ ይዘት ብርሃኑን የሚያስተካክል ባትሪ መቆጠቢያ ነው፣ ምስሉ ጠቆር ሲል ባክላይቱን ዝቅ ያደርግና እንዳይታወቅ ደግሞ የምስሉን ነጥቦች ያነጣቸዋል። ዋናው ችግር ይሄን የሚሰራው አንድ ቦታ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ገብታችሁ ብራይትነስ ጎን ያለችውን ቀስት ስትነኩ "ቼንጅ ብራይትነስ ቤዝድ ኦን ኮንቴንት" የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ፣ "ኦፍ" አድርጉት። አልተስተካከለም? ግራፊክሱ የኢንቴል ከሆነ ኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር የሚባለውን ክፈቱና ሲስተም ውስጥ ፓወር የሚለው ጋ ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግስን አጥፉ፣ በባትሪ ለሚሰራበት ጊዜ የሚለውን ነው። ኤኤምዲ ከሆነ ደግሞ ቫሪ ብራይት ይባላል፣ የኤኤምዲው ሶፍትዌር ውስጥ ነው ያለው። አንዱን አጥፍታችሁ ሌላው ስለሚቀር ነው ብዙ ሰው "ያልከኝን አደረግኩ ግን ያው ነው" እያለ የሚመለሰው።

ይሄ ነገር በጣም የሚጎዳው ደግሞ የሰርግ ቪዲዮ የምትሰሩትን ነው። አስቡት፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ነጭ ነው፣ ሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፣ ምሽት ላይ ድንኳን ውስጥ የተቀረፀ ነው። በባትሪ ተቀምጣችሁ ከለር ስታስተካክሉ ስክሪኑ በየሾቱ ብርሃኑን እየቀያየረ ከሆነ እናንተ የምታስተካክሉት ቪዲዮውን ሳይሆን የስክሪኑን ፀባይ ነው። ሙሽሮቹ ቤት ሄደው ቴሌቪዥን ላይ ሲከፍቱት የአማቶቹ ፊት ጠቁሮ ቀሚሱ ከልክ በላይ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ከለር ልትሰሩ ስትሉ ቻርጀሩን ሰኩ፣ የነገርኳችሁን ሁሉ አጥፉ፣ ናይት ላይት የሚባለውን ብርቱካናማውንም አጥፉ፣ ብራይትነሱን አንድ ቦታ ላይ አስቀምጡና ስራው እስኪያልቅ አትንኩት። ባለሙያዎቹ ለተለመደው ቪዲዮ የሚጠቀሙበት መነሻ 100 ኒት ነው፣ ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ናት፣ ርካሽ የሚባሉት ላፕቶፖች ሙሉ ላይ 250 ኒት አካባቢ ስለሚሆኑ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ስትሰሩ ከግማሽ በታች ብታወርዱት አትገረሙ።

ሴንሰር ያላቸው ላፕቶፖች አሉ፣ ካሜራው አጠገብ ትንሽ ዓይን ትኖራለች፣ የክፍሉን ብርሃን እያየች ስክሪኑን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ደሴ ላይ ግን፣ ታውቁታላችሁ፣ መስኮት ዳር ቁጭ ብላችሁ ፀሐይ ነው ስትሉ ጦሳ ተራራ ላይ የነበረው ጉም ወርዶ ከተማውን ይሸፍነዋል፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ይገፈፋል፣ ሴንሰሯም አብራ ስትዋትት ትውላለች። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከገባችሁ ሰማዩም ረጋ ስለሚል እሷም ትረጋለች። እኔ እዚህ ከተማ ውስጥ ባጠፋት እመርጣለሁ፣ ዲስፕሌይ ውስጥ "ቼንጅ ብራይትነስ አውቶማቲካሊ" የምትለዋን ምልክት ማንሳት ነው። ምልክቷ እናንተ ጋ ከሌለች አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፓችሁ ሴንሰር የለውም ማለት ነው፣ አትፈልጓት።

አሁን ፎርማት። ይሄን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ላፕቶፑ ዘገየ ብላችሁ ትሰጣላችሁ፣ ፎርማት ተደርጎ ይመለሳል፣ ፈጥኗል፣ ደስ ብሏችኋል፣ ማታ ስትከፍቱት ስክሪኑ ዓይን ያጠፋል፣ በተኑን ብትጫኑ ወይ ፍንክች። ምን ሆነ? ዊንዶውስ ሲጫን ትክክለኛውን የግራፊክስ ድራይቨር ካላገኘ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚባል ጊዜያዊ ድራይቨር ያስገባል፣ እሱ ምስል ማሳየት ይችላል ባክላይት ማዘዝ ግን አይችልም። ስለዚህ ብርሃኑ ባለበት ይቆማል፣ የብራይትነስ ማንሸራተቻዋም ትጠፋለች ወይ ደንዝዛ ትቀመጣለች። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ስታርትን በቀኝ ክሊክ አድርጉ፣ ዲቫይስ ማናጀር በሉ፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርጉት። እዛ ውስጥ ኢንቴል ወይ ኤኤምዲ የሚል ስም መኖር አለበት፣ ያ የማይክሮሶፍቱ ስም ብቻ ከተቀመጠ በሽታው ተገኘ። መድኃኒቱ ደግሞ ኢንተርኔት ነው፣ ዋይፋዩም ድራይቨር አጥቶ ሊሆን ስለሚችል ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈያውን) አብሩ፣ ከዛ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብታችሁ ኦፕሽናል የሚለውንም ጭምር ፈልጉ። ካላመጣላችሁ የላፕቶፑን ሞዴል ከስር ካለው ፅሁፍ አይታችሁ ከአምራቹ ድረገፅ አውርዱ፣ ሪስታርት። ፎርማት ስታስደርጉ ደግሞ ላፕቶፑን ከመቀበላችሁ በፊት እዛው ቆማችሁ ብራይትነሱን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩን ሞክሩ፣ ማፈር የለም። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ከአፕዴት በኋላ ከተበላሸባችሁ ደግሞ እዛው ዲስፕሌይ አዳፕተሩ ላይ ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ "ሮል ባክ ድራይቨር" የምትለዋን ሞክሩ፣ የድሮውን ትመልስላችኋለች።

በተኖቹን ቶሎ ልለፋቸው። የፀሐይ ምልክቱን እዩ፣ አንዱ ጋ ኤፍ 2ና ኤፍ 3 ላይ ነው፣ ሌላው ጋ ኤፍ 5ና ኤፍ 6። ለብቻው ካልሰራ ኤፍኤን ይዛችሁ ተጫኑ፣ በብዙዎቹ ኤፍኤንና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ይሄ ፀባይ ይገለበጣል፣ ልጆች ሲጫወቱ ነክተውት ይሆናል። በተኑ ጭራሽ ከሞተ የዊንዶውስ በተንና ኤ ተጫኑ ማንሸራተቻዋ ትመጣለች። ማክ ያላችሁ ሺፍትና ኦፕሽን ይዛችሁ ብትጫኑ የተለመደው አንዱ እርምጃ በሩብ በሩብ ተከፍሎ ነው የሚሄደው።

(አንዲት መምህርት፦ "ክፍል ውስጥ ከፕሮጀክተር ጋር ስሰካው ብራይትነሱን ብጨምረው ተማሪዎቹ ጋ ምንም አይለወጥም፣ ለምንድነው?")

ጥሩ ጥያቄ ነው እታለም። ያ በተን የሚያዘው የላፕቶፑን የራሱን ባክላይት ብቻ ነው። ፕሮጀክተሩ የራሱ አምፖል አለው፣ በሪሞቱ ወይ በራሱ ሜኑ ነው የሚስተካከለው፣ ከሱ ይልቅ መጋረጃ መዝጋት ይሻላል። ቢሮ ውስጥ ዴስክቶፕ ያላችሁም እንደዛው ናችሁ፣ ማንሸራተቻዋን ፈልጋችሁ ብታጡ ሞኒተሩ ላይ ያሉትን በተኖች ተጠቀሙ። ቱዊንክል ትሬይ የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ፣ ሞኒተሩ ከፈቀደ በገመዱ በኩል ትዕዛዝ ይልክለታል፣ እሱ ጨርቅ አይደለም፣ እውነተኛውን ብርሃን ነው የሚያወርደው።

"ስክሪኑ ሞቷል" የምትሉትስ? ላፕቶፑ ይነሳል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት አስጠግታችሁ በሰያፍ አብሩበት። ከስር ዴስክቶፑ በጣም ደብዝዞ ከታያችሁ ምስሉ አለ፣ የጠፋው ባክላይቱ ነው። ያ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ፊውዝ ተቃጥላ ሊሆን ይችላል፣ ማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው የስክሪን ኬብል ተላልጦ ሊሆን ይችላል፣ ወይም እውነትም ኤልኢዲዎቹ ሞተዋል። ሦስቱ ዋጋቸው እኩል አይደለም፣ ስለዚህ ሙሉ ስክሪን ከመግዛታችሁ በፊት ፊውዙና ኬብሉ ታይቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስታዘነብሉት የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ኬብሉን ጠርጥሩ። ደግሞ የማግኔት ክዳን ያለው ስልክ ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣችሁ ስክሪኑ ድርግም ካለ አትደንግጡ፣ ላፕቶፑ የተከደነ መስሎት ነው፣ ስልኩን አንሱለት።

ስለ ዓይን ሁልጊዜ ስለምጠየቅ ልበል። ስንት ፐርሰንት ላድርገው ለሚል ጥያቄ ቁጥር የለኝም፣ ያንዱ 40 የሌላው 70 ስለሆነ። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዙ፣ የወርዱ ገፅ ከወረቀቱ በላይ ካንፀባረቀ ቀንሱ፣ ግራጫ ከመሰለ ጨምሩ፣ ቦታ ስትቀይሩ ደግሞ እንደገና እዩ። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላችሁ ግን ከስክሪኑ ጋር አትታገሉ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፣ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ናት፣ የቢሮ መብራት 300 እስከ 500 ነው፣ 500 ኒት ያለው ማክቡክ ኤይርም ቢሆን እዛ ላይ ይቸገራል። መስኮቱን በጎናችሁ አድርጉ፣ ከኋላ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንፀባርቃል፣ ከፊት ከሆነ ዓይናችሁን ይመታል። የብሉ ላይት መነፅር ግዙ የሚሏችሁ አሉ፣ የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ ለኮምፒውተር ስራ አያስፈልግም ነው የሚለው፣ ዓይን የሚደርቀው ስክሪን ላይ አፍጥጠን ዓይናችንን ስለማናርገበግብ ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትርና ከዛ በላይ ራቅ ያለ ነገር እዩ ይላሉ፣ እኛ ደግሞ ጦሳ እያለን ምን ጎሎን! ብርሃኑን በጣም ሲያወርድ ራሱን የሚያመው ሰው ካለ ግን አንዳንድ ስክሪን ባክላይቱን የሚቀንሰው በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፣ የስልክ ካሜራ ስሎው ሞሽን ላይ አድርጋችሁ ስትቀርፁት ጥቁር መስመር ሲንከባለል ልታዩ ትችላላችሁ። እንደዚህ አይነት ሰው ባክላይቱን ከፍ አድርጎ ጨርቁን ይጠቀም፣ ጨርቅ ያልኩት አፕ ለዚህ ነው የሚጠቅመው፣ ባትሪውን እየከፈለ።

(አንድ አባት፦ "ሁልጊዜ ሙሉ ላይ ቢበራ ስክሪኑን አያቃጥለውም?")

ጋሼ፣ ኤልሲዲ ከሆነ ቶሎ አይጎዳም፣ ኤልኢዲው በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይደክማል እንጂ ቦግ ብሎ አይቃጠልም፣ ላፕቶፑ ከዛ በፊት በሌላ ነገር ያረጃል። ኦሌድ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ታስክባሩ እዛው ቦታ ላይ በሙሉ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ከቆየ ጥላው ሊቀር ይችላል፣ ታስክባሩ ራሱን እንዲደብቅ አድርጉት፣ ስክሪኑም ሳትነኩት ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ እንዲጠፋ። የናንተን ላፕቶፕ ስመለስ አየዋለሁ፣ አሁን ግን ፎርማት ከተደረገ በኋላ ብርሃን አልቀንስ ያላችሁ በዚህ በኩል ተሰለፉ፣ የስልክ ገመድ የያዘ አንድ ሰው ደግሞ ወደፊት ይምጣልኝ።